የጽሕፈት ሥራ አመልካችና ያልሠራበት መሣሪያ

በሻሸመኔ አጠገብ በምትገኘው በኩየራ፥ ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በተተከለው ትምህርት ቤት ብዙ ወጣቶች ተምረዋል። ከዚያም ሆነ ከሌላ ሥፍራ ወጥቶ በነጋዴ ቤት ጸሐፊ ለመሆን የሚያመለክት ሰው «የአማርኛ ጽሕፈት ዐውቃለሁ» ማለቱ ብቻ አይበቃም።

ፊደላችን 33 በ7 ሲባዛ 231 ስለሚሆን፥ የቀድሞው የጽሕፈት መኪና ሁሉንም በየቁልፉ ሊይዝ አልቻለም፤ ቅጥያ እየጨመሩ ሆሄውን መሥራት ግድ ነበር። በኮምፒዩተርም ቢሆን፥ በቀድሞው የፓወር ግዕዝ ፊደል የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፊደል በሌለበት ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታያል። በ1999 (እ.ኤ.አ.) ፊደላችን የገባበት ዩኒኮድ ይህን ችግር ቢያቃልልም፥ የቁልፎቹ አቀማመጥ እንደየፕሮግራሙ ይለያያል።

ስለዚህ አመልካቹ «በዚህኛው ሠርቻለሁ፤ ያኛውን ግን አይቼዋለሁ እንጂ አልሠራሁበትም፤ ለመማር ፈቃደኛ ነኝ» ብሎ ለይቶ ቢጽፍ ይከበርበታል እንጂ አይዋረድበትም። የማያውቀውን ዐውቃለሁ ያለ ግን የመጀመሪያው የዋጋ ማቅረቢያ በታዘዘበት ቀን ይጋለጣል፤ ጉዳቱም ለነጋዴው ይተርፋል፤ ለባንክ የሚቀርብ ሰነድ ስሕተት ሲገኝበት ክፍያው ይዘገያልና።

ቀጣሪውም በበኩሉ፥ ከመቅጠሩ አስቀድሞ አመልካቹን በሱቁ መሣሪያ ላይ አንድ ደብዳቤ ቢያስጽፈው፥ እውነተኛውንም አመልካች ስለ ግልጽነቱ ባያባርረው፥ ለሁለቱም ይበጃል።