ሳትታጠቅ የዘመተችው ጣሊያን

ጣሊያን ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የገባችው ስለተዘጋጀች ይመስላችኋል? አልነበረም! እ.ኤ.አ. ኦገስት 1939 ሂትለር ፖላንድን ሊወር ሲል፣ አብሮት ለመዝመት ምን እንደሚያስፈልገው ሙሶሊኒን ጠየቀው። ከሮም የሄደለትን ዝርዝር እዩልኝ፦ 6 ሚሊዮን ቶን ድንጋይ ከሰል፣ 7 ሚሊዮን ቶን ነዳጅ፣ 2 ሚሊዮን ቶን ብረት፣ ሌላም ሌላም። ጀርመን ይህን ልትሰጥ አትችልም፤ ሮምም ታውቃለች። ዝርዝሩ በጨዋ ደንብ የተጻፈ እምቢታ ነበር።

ችግሩ ግን እውነተኛ ነው። ጣሊያን በቂ ነዳጅም ሆነ ከሰል አልነበራትም፤ ከውጭ ታስመጣ ነበር። ያላትን ወርቅና መሣሪያ ደግሞ በኢትዮጵያና በስፔን ጦርነቶች አሟጥጣዋለች። ከማይጨው በኋላም አርበኞቻችን ፋታ አልሰጧትም፤ ይህን ከሂሳቡ የሚያወጣ ታሪክ ጎደሎ ነው እላለሁ።

ታዲያ ጦርነቱ ውስጥ እስክትገባ ድረስ ባለው ዘጠኝ ወር ምን ተለወጠ? ዝግጅቱ ሳይሆን ጉጉቱ። ሙሶሊኒ ሜዲትራኒያንን እንደ እስር ቤት ያየው ነበር፤ በአንዱ በር ጂብራልታር፣ በሌላው ስዊዝ፣ ቁልፉ በእንግሊዝ እጅ። ፈረንሳይ ስትፈራርስ ሲያይ፣ ኒስን፣ ኮርሲካንና ቱኒዚያን ያለ እሱ እንዳይከፋፈሉበት ሰጋ። አዲስ አበባን የያዘው ያው ማርሻል ባዶሊዮ አልተዘጋጀንም ብሎ ቢያስጠነቅቀው፣ በሰላም ድርድሩ ለመቀመጥ ጥቂት ሺህ ሙታን ይበቁኛል ማለቱን ራሱ ባዶሊዮ በኋላ ጽፏል። በሰው ሕይወት እንዲህ የቀዘቀዘ ስሌት ሳነብ እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል።

እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1940 ጦርነት ታወጀ። የጣሊያን ንግድ መርከቦች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ገና በውጭ ባሕር ነበሩ፤ እንዲመለሱ እንኳ አልተነገራቸውም፣ በዚያው ቀሩ! በአልፕስ ተራሮች በፈረንሳይ ላይ በተደረገው አጭር ማጥቃት ከ600 በላይ የጣሊያን ወታደሮች ሲሞቱ፣ ከ2,000 በላይ በውርጭ ተጎዱ። የተገኘው የማንቶን ከተማና ጥቂት የድንበር መሬት ነው።

ለእኛ ትልቁ ውጤት ግን ስዊዝ ላይ ነበር። ቦዩ ለጣሊያን ሲዘጋ፣ በኢትዮጵያ የነበረው ሠራዊቷ ያለ ነዳጅና መለዋወጫ ተቆርጦ ቀረ። እንግሊዝም ለጣሊያን ወረራ የሰጠችውን እውቅና ትታ አርበኞችን መርዳት ጀመረች። በስደት የነበሩት ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በዚያው በጁን ወር ከእንግሊዝ ተነሥተው በግብፅ በኩል ሱዳን ገቡ፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻገሩ።