ኮምፒዩተር ሲታደስ የነጋዴው መዝገብ እንዳይጠፋ

የንግድ ሰው ከገንዘቡና ከዕቃው ቀጥሎ አጥብቆ የሚጠብቀው ሀብት መዝገቡ ነው። ማን ምን ያህል ዱቤ እንደ ወሰደ፣ ከመጋዘን ምን እንደ ወጣ፣ ለመንግሥት ምን ያህል ግብር እንደ ተከፈለ የሚመሰክርለት እርሱ ነው። ቀድሞ ይህ መዝገብ በካዝና ይቆለፍ ነበር፤ ዛሬ ግን በብዙ ሱቅና በብዙ አስመጪ ቤት የሚገኘው በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተርን ፎርማት ማስደረግ የቴክኒሻን ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የባለ ንብረቱም ጉዳይ ነው።

ይህ ሥራ ዛሬ ብዙ ነጋዴዎችን የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። በሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 10 ከማይክሮሶፍት ኩባንያ ያገኝ የነበረው መደበኛ የጥበቃ እድሳት በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። እድሳት የማያገኝ ኮምፒዩተር መሥራቱን ባያቆምም፣ አዲስ ለሚፈጠር የሌባ ዘዴ በሩ ክፍት ነው። ከዚህም ሌላ ኮምፒዩተሩ ቫይረስ የገባበት፣ ሥራው የተንቀራፈፈበት፣ ወይም ያገለገለ ኮምፒዩተር የገዛ ነጋዴ ዊንዶውስን በአዲስ ማስጫን ይፈልጋል።

የመጫኛው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው በነበረው ላይ ማሻሻል ሲሆን፣ እንደ ወትሮው ፋይሎቹ በቦታቸው ይቆያሉ። ሁለተኛው ዲስኩን ጠርጎ በባዶው ላይ መጫን ነው። ይህም መጋዘንን እንደ ማጽዳት ያለ ነው፤ ቆሻሻው ሁሉ ይወጣል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ ያልተዛወረው ዕቃም አብሮ ይወጣል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ጥንቃቄው ከመጥረጉ በፊት መሆን አለበት።

በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩ አዲሱን ዊንዶውስ ለመሸከም መቻሉ ይመርመር። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የማከማቻ ቦታና ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የጥበቃ ክፍል ይጠይቃል። ማይክሮሶፍት ያዘጋጀው ፒሲ ሄልዝ ቼክ የተባለው ፕሮግራም ይህን መርምሮ ይናገራል።

ቀጥሎ መዝገቡ ይገልበጥ። ብዙዎች የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ነው። በዴስክቶፕ ላይ የሚታዩትን ደብዳቤዎችና ፎቶግራፎች በፍላሽ ገልብጠው፣ ሁሉ የተያዘ ይመስላቸዋል። እንደ ፒችትሪ ያለ የሂሳብ ፕሮግራም ግን መዝገቡን የሚያኖረው በራሱ ፎልደር ስለ ሆነ፣ ባክ አፑ በፕሮግራሙ በራሱ ትእዛዝ መወሰድ ይገባዋል። ቅጂው በሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ላይ ይሁን፤ አንዱም ከሱቁ ውጭ ይቀመጥ። በሌላ ኮምፒዩተር ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንደ ቅጂ አይቆጠርም። በዚያው ቀን የባለ ዕዳዎች ዝርዝር፣ የዕቃ ክምችትና የባንክ ቀሪ ሂሳብ በወረቀት ታትሞ ይፈረምበት። የሂሳብ ፕሮግራሙ የፈቃድ ቁጥርም አብሮ ይጻፍ።

መጫኛው የሚዘጋጅበት ፍላሽ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ይሁን፤ በውስጡ የነበረው ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶ ፍላሽ ይመረጥ። ፕሮግራሙም ከማይክሮሶፍት ከራሱ ድረ ገጽ ይውረድ። ፈቃድ የሌለውና ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ዋጋው ቢረክስም፣ ማን ምን እንደ ጨመረበት ስለማይታወቅ፣ ቁልፉ በማይታወቅ ሰው እጅ ያለ ካዝና ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ አስቀድሞ በፈቃድ ይሠራ የነበረ ከሆነ፣ ያው ዓይነት ዊንዶውስ ሲጫንበት ኢንተርኔት ሲያገኝ ፈቃዱ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይታደሳል።

በመጫኛው ሰዓት ቅጂው ያለበት ሃርድ ዲስክ ከኮምፒዩተሩ ይነቀል። የሚጠረገው ዲስክ በሚመረጥበት ገጽ ላይ ሁለት ዲስኮች ጎን ለጎን ሲታዩ፣ በአንዲት ስሕተት ዋናውም ቅጂውም አብረው ሊጠፉ ይችላሉና። መብራት በመካከል ቢቋረጥ ሥራው እንዳይበላሽም፣ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከዩፒኤስ ጋር ይያያዝ፤ የላፕቶፕም ባትሪ ሞልቶ ይጀመር።

ዊንዶውሱ ከተጫነ በኋላ እድሳቱ ይወሰድ፤ የኔትወርክና የፕሪንተር ድራይቨር ይጫን፤ ከዚያም የሂሳብ ፕሮግራሙ ገብቶ ባክ አፑ ይመለስ። ባለ ንብረቱ ግን የቴክኒሻኑን ሒሳብ ከፍሎ ከማሰናበቱ በፊት አንድ ሥራ ይቀረዋል። ይኸውም አስቀድሞ የታተመውን ወረቀት በእጁ ይዞ፣ በኮምፒዩተሩ ላይ ከሚታየው ጋር ሳንቲም ለሳንቲም ማስተያየት ነው። ቁጥሮቹ ሲስማሙ ሥራው ተፈጸመ ይባላል፤ ሳይስማሙ ቢገኙም ቅጂው በእጁ ስላለ፣ ጉዳቱ የግማሽ ቀን ድካም ብቻ ይሆናል።