የባሌስትራ ቢላ፦ በትንሽ ብር ሁሉን የሚችል

በዓል በተቃረበ ቁጥር ጎተራ ኮንዶሚኒየም ካሉ ጎረቤቶቼም ከቻናሌ ተከታታዮችም የሚመጣልኝ ጥያቄ ያው ነው፤ «ኪስ ሳይጎዳ ሽንኩርቱንም፣ ጎመኑንም፣ ዶሮውንም የሚችል አንድ ቢላ የቱ ነው?» መልሴን ላስቀድም፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ከመኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ የሚሠራው ቢላ ነው። ሁሉም ግን እኩል አይደለም። ስለዚህ ምን አይታችሁ መግዛት እንዳለባችሁ በዝርዝር ልጻፍላችሁ።

ለምን ባሌስትራ?

ስለት እንዲይዝ የሚያደርገው በብረቱ ውስጥ ያለው ካርቦን ነው። የግንባታ ፌሮና ላሜራ ካርቦናቸው ትንሽ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.3 በመቶ አይበልጥም። እንዲህ ያለው ብረት ቢግልም ቢነከርም ለቢላ የሚበቃ ጥንካሬ አያገኝም፤ ጠዋት ስላችሁት ማታ ይደነዝዛል። የጭነት መኪና ባሌስትራ ግን ብዙውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 0.65 በመቶ ካርቦን አለው። ቶን ጭኖ ጎብጦ ተመልሶ እንዲቃና የተሠራ ብረት ስለሆነ ጥንካሬና አለመሰበርን አንድ ላይ ይዟል።

ከቃሊቲ ተነስተው በጎተራ ማሳለጫ የሚያልፉትን ከባድ መኪኖች አስቧቸው። ባሌስትራቸው ሲሰበር ጋራዥ ያወልቀዋል፣ ከብረታ ብረት ሰብሳቢ እጅ ይገባል፣ ዞሮ ዞሮ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። እዚያ ከሰል ላይ ግሎ፣ በመዶሻ ሳስቶ፣ ቢላ ሆኖ ይወጣል። ጥሬ ዕቃው ውዳቂ ብረት ስለሆነ ዋጋው ይረክሳል፤ የብረቱ ጥራት ግን አብሮ አይረክስም።

የሚያብለጨልጨውስ?

የማይዝግ ብረት ለመባል ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያስፈልጋል። ጥሩው የማይዝግ ቢላ በእርግጥ ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። በርካሽ የሚሸጠው በአብዛኛው ለስላሳ ነው። በገዛችሁ ሰሞን ይቆርጣል፤ ጥቂት ኪሎ ሽንኩርት ከከተፈ በኋላ ቲማቲሙን ከመቁረጥ ይልቅ መጨፍለቅ ይጀምራል። ከደነዘዘ ቢላ ጋር የሚታገል ሰው ደግሞ በኃይል ስለሚጫን እጁን የሚቆርጠው ያኔ ነው። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ብዙ ሰው አደገኛው ስለታም ቢላ ይመስለዋል፤ እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው።

ስትገዙ የምታዩት

1. ብረቱ። ሠሪውን ራሱን ጠይቁት፤ «ወንድሜ፣ ከባሌስትራ ነው ከፌሮ?» በሉት። ሥራውን የሚያከብር ባለሙያ ተቆርጦ የተቀመጠውን ባሌስትራ ያሳያችኋል። ድንጋዩ እየተሽከረከረ ቢላ ሲሞርድ ካገኛችሁት ደግሞ ፍንጣሪውን ተመልከቱ። የባሌስትራ ፍንጣሪ ጫፉ ላይ እየፈነዳ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ የፌሮና የላሜራ ግን አብዛኛው ቀጥ ያለ ረጅም መስመር ነው። ማግኔት አትመኑ፤ ብዙ የማይዝግ ቢላም በማግኔት ይሳባል።

2. አነካከሩ። ጥሩ ብረት በትክክል ካልተነከረ ዋጋ የለውም። ቢላው ከ800 ዲግሪ በላይ ግሎ በዘይት ይነከራል፤ ከዚያ እንዳይሰባበር በ200 ዲግሪ አካባቢ እንደገና ይሞቃል። መሞከሪያው ሞረድ ነው። በስለቱ ተረከዝ በኩል ሞረዱን ቀስ አድርጋችሁ አስኪዱት። ሞረዱ እየተንሸራተተ ከሄደ ብረቱ ጠንክሯል። እንደ ቅቤ ከላጠው ለስላሳ ነው፤ ተዉት። ሌላም ምልክት አለ፤ ስለቱ ጠርዝ ላይ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም ካያችሁ በግራይንደር ሲሞረድ 300 ዲግሪ ገደማ ግሏል ማለት ነው። እዚያ ቦታ ላይ ጥንካሬው ሄዷል።

3. ውፍረቱ። ብዙ ሰው የማያየው፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምጨነቅበት ይህ ነው። ባሌስትራ ሲጀመር ወፍራም ስለሆነ በደንብ ያልሳሳ ቢላ ቢሳልም ድንቹን ይሰነጥቀዋል እንጂ አይቆርጠውም። ጀርባው ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር፣ ወደ ስለቱ ሲወርድ ደግሞ እየሳሳ የሚሄድ ምረጡ። ወፍራም ሆኖ ብረቱ ጥሩ ከሆነ «ከስለቱ በላይ ያለውን አሳሳልኝ፤ እንዳይግል ደግሞ ቶሎ ቶሎ ውሃ እያስነካህ» በሉት።

4. ርዝመቱና እጀታው። ለኮንዶሚኒየም ኩሽና ስለቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ጎመንም ይከትፋል፣ የዶሮ ብልትም ያወጣል፣ ለቋንጣ ሥጋም ይዘለዝላል። ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ ድረስ የዘለቀ፣ በሁለት ወይም በሦስት ሚስማር የተመታ ይሁን። በእንጨቱና በብረቱ መሃል ክፍተት ካለ ደምና ስብ ስለሚገባበት ይሸታል።

ውጭ ያላችሁ ደግሞ ይህንኑ ዓይነት ካርቦን ብረት በቀላል ዋጋ ታገኛላችሁ። ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የፈረንሳዩ ኦፒኔልና የስዊድኑ ሞራ በካርቦን ብረት ይመጣሉ፤ ስትገዙ የማይዝገውን ሳይሆን ካርቦኑን ምረጡ።

አያያዙ

የካርቦን ብረት ይዝጋል፤ ይህን አውቃችሁ ግዙት። በእኛ ኩሽና ትልቁ ጠላቱ ሎሚ ነው። ዶሮው በሎሚና በጨው ሲታጠብ ቢላው እዚያው ሳፋ ውስጥ ከተረሳ በማግስቱ ቀይ ዝገት ለብሶ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ በተጠቀማችሁ ቁጥር ወዲያው እጠቡት፣ በጨርቅ አድርቁት። ለብዙ ቀን የማትነኩት ከሆነ ጥቂት የምግብ ዘይት ቀቡት። ከጊዜ በኋላ ስለቱ ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ይሆናል፤ አትደንግጡ፣ አትፈግፍጉት። ያ ሽፋን ብረቱን ከዝገት በመጠኑ ይጠብቀዋል። የሚነሳው ቀዩ ነው፤ እሱን በደቃቅ አመድና በእርጥብ ጨርቅ አሽታችሁ አስለቅቁት።

ለመሳል ውድ ዕቃ አያስፈልግም። የቡና ሲኒ ገልብጡና ከታች ያለውን ያልተወለወለ ክብ ጠርዝ ተመልከቱ፤ ሸካራ ነው። ቢላውን 20 ዲግሪ ያህል ብቻ አዘንብላችሁ፣ አንዱን ጎን ከዚያም ሌላውን፣ እኩል እኩል ሳቡት። ካርቦን ብረት ቶሎ ይሳላል። አጥንት ግን አትምቱበት፤ ለአጥንት መጥረቢያ አለ፤ ዶሮውንም በመገጣጠሚያው ለዩት።

በቤታችሁ ቢላ እያደረ የሚታጠብ ከሆነ፣ ወይም ብዙ ሰው የሚጠቀምበትና የሚያደርቀው የሌለ ከሆነ፣ የማይዝገውን ግዙ። ለእናንተ የሚሻለው እሱ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። ዐፄ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ብረት ቀጥቅጦ የሚያድረው ሰው ግን ዛሬም የሚገባውን ክብር ሁሉ አላገኘም። ምናለሽ ተራ ስትሄዱ ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ሥራውን ጠይቁ፣ ሲያሳያችሁ አድምጡ። በደንብ ላሳሳና በደንብ ለነከረ ሰው ጥቂት ብር ጨምሩለት፤ ቤታችሁ ውስጥ ለዓመታት የምትጠቀሙበት ዕቃ ነውና ይገባዋል።