«ካልጾምኩ» ያለው ልጅ

ባለፈው ረመዷን በሦስተኛው ቀን፣ ዙህር ሰግደን ስንወጣ አንድ የፎገራ ሩዝ ገበሬ ልጁን ይዞ መስጂዱ በር ላይ ጠበቀን። «ሸኻችን፣ ይኼ ልጅ ካልጾምኩ ብሎ አስጨነቀኝ፤ ምን ይሉኛል?» አለን። ልጁ አቅመ አዳም ደርሷል፤ ደረቱ ላይ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ አለ። ሲወለድ ከልቡ ሁለት የታችኛ ክፍሎች በደንብ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነበር።

እኛም የማናውቀውን አልደፈርንም፤ «አስቀድማችሁ ሐኪሙን ጠይቁ» ብለን ከወረታ ወደ ባሕር ዳር ላክናቸው። ይዘውት የተመለሱትን ለሌሎች ወላጆች ይጠቅማልና እናካፍላችሁ።

ጤነኛ ልብ አንዱን ደም ወደ ሳንባ፣ ሌላውን ወደ ሰውነት ይገፋል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንሲስ ፎንታን እ.ኤ.አ. በ1968 የጀመሩትና በኋላ የተሻሻለው ቀዶ ሕክምና፣ ከሰውነት የሚመለሰው ደም ልብ ሳይገፋው ወደ ሳንባ እንዲፈስ ያደርጋል። የውኃ ሞተር የሌለው ገበሬ የርብን ውኃ ማሳው የሚያደርሰው ወንዙ ሲሞላ ነው። የእነዚህ ልጆች ደምም እንዲሁ ነው፤ ሰውነት ውኃ ሲያጣ ወደ ሳንባ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፣ ደምም ለመርጋት ይቀርባል።

ሕክምናው ሕይወት ያተርፋል፤ ልብን ግን ሁለት አያደርግም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ቀናት በሳንባ ዙሪያ ፈሳሽ ሊጠራቀም ይችላል። ከዓመታት በኋላም የልብ ምት መዛባት፣ የደም መርጋት፣ በአንጀት በኩል ፕሮቲን ማጣትና የጉበት ጉዳት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሆዱ ወይም እግሩ ያበጠ፣ ልቡ ያለ ልክ የሚመታ፣ ራሱን የሳተ ልጅ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። ተቅማጥና ትውከትም አይናቁ። የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ያለ ሐኪም ፈቃድ አይቋረጥ።

ሐኪሙ «በዚህ ሐሩር ቀኑን ሙሉ ውኃ መከልከል የለበትም» አለ። በሸሪዓ ያልደረሰ ልጅ ጾም ግዴታ የለበትም። ለደረሰ በሽተኛም አሏህ በሱረቱል በቀራ ማፍጠርን ፈቅዷል፤ ይድናል ተብሎ ተስፋ የማይደረግ ሕመም ያለበት ደግሞ ስለ እያንዳንዱ ቀን አንድ ምስኪን ያበላል።

ልጁ አለቀሰ። «ልጄ፣ የፈቀደልህ ያው ያዘዘን ጌታ ነው» አልነው። ወሩን ሙሉ በኢፍጣር ሰዓት ቴምርና ውኃ የሚያድለው እሱ ሆነ።

እኛስ? ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማኅበር፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ማዕከልም በሰው እርዳታ የቆመ ነው። ሰደቃችን ወዴት እንደሚሄድ ስናስብ የታመሙ ልቦችን አንርሳ።