ለ77ቱ ረሃብ የዘፈነው ኤልተን ጆን፦ ትዳሩን መደገፍ እኛ ጋ ያስቀጣል?

ኤልተን ጆን የስንብት ቱሩን እ.ኤ.አ. በ2023 ስለጨረሰ፣ ኮልፌ ላለ አድናቂ የቀረው ቪዲዮው ነው። ዩቲዩብ ላይ "ላይቭ ኤይድ" ብላችሁ ብትፈልጉ ታገኙታላችሁ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ የተካሄደው ያ ኮንሰርት በረሃብ ለተጎዱ ኢትዮጵያውያን ገንዘብ ያሰባሰበ ነበር። ኤልተንም ዌምብሌይ ስታዲየም ዘፍኗል።

ኤልተን ከዴቪድ ፈርኒሽ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 በሕግ ተጣመረ። ያኔ የእንግሊዝ ሕግ ለተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች "ጋብቻ" የሚለውን አይፈቅድም ነበር። ሕጉ ሲለወጥ በ2014 ተጋቡ።

እኛ ጋስ? አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ የሚለው በወንድና በሴት መካከል ያለውን ብቻ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ደግሞ የተመሳሳይ ፆታ ወሲብን በቀላል እስራት ይቀጣል። ይሄ በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው፤ ከባድ ሁኔታ ካለ ይጨምራል።

ብዙ ሰው የሚያምታታው እዚህ ጋ ነው። አንቀጽ 629 የሚያወራው ስለ ድርጊት ነው። ዘፈኑን መውደድ፣ ኮንሰርቱን ማየት፣ "ቢጋቡ ምን አለበት?" ብሎ ማሰብ አንቀጹ ውስጥ የለም። ሐሳብን መያዝና መግለጽ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ የሰፈረ መብት ነው።

በተግባር ግን እንዲህ ያለ ሰው ኮሜንት ላይ ስድብና ዛቻ ይወርድበታል። ልብ በሉ፦ ሰውን መዛት ራሱ በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል።