«ፋይበርግላስ» እና ተዛማጅ ቃላቱ፤ ከሐውልትና ከሕንጻ ሥራ የተነሡ የስያሜ ጉዳዮች

በውጭ አገር አደባባዮች ከቆሙት ታላላቅ ሐውልቶችና ከአዳዲስ ሕንጻዎች የፊት ገጽ ጥቂት የማይባሉት፣ ሲያዩዋቸው ድንጋይ ወይም ብረት ቢመስሉም፣ ፋይበርግላስ ከሚባለው ቁስ የተሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው የሳን ፍራንሲስኮ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ተጨማሪ ሕንጻ ከ700 በላይ በሆኑ የዚህ ቁስ ገበታዎች ተሸፍኗል። ይህ ጽሑፍ የሙያውን አሠራር ባጭሩ እየገለጸ ተርጓሚን የሚያሰናክሉ ጥቂት ቃላትን ለመመርመር የቀረበ ነው። ጉዳዩ የቋንቋ ውበት ብቻ አይደለም፤ ዝቅ ብሎ እንደሚታየው፣ አንዱ ስያሜ ቢሳሳት ሰው ሊቃጠል ወይም ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል።

የመጀመሪያው ችግር ከስሙ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1938 የተቋቋመው ኦወንስ ኮርኒንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህን ስም ለንግድ ሲጠቀምበት፣ የተሰየመው ከቀለጠ መስተዋት የተሳበው ቀጭን ክር ነበር። በኋላ ግን ክሩ በፖሊስተር ሙጫ ተነክሮ የሚገኘው ጠንካራ ቁስም በዚያው ስም ይጠራ ጀመር። ከዚህ የተነሣ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ቃሉ ሲገኝ ሙቀትን ለመከላከል በጣሪያ ሥር የሚነጠፈው ጥጥ መሰል ነገርም፣ ጀልባም፣ ሐውልትም ሊሆን ይችላል። በእኛም ዘንድ ቃሉ «ፋይበር» ተብሎ ሲያጥር ከስልክና ከኢንተርኔት መሥመር ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ ተርጓሚው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ክሩ ነው ወይስ ከክሩ የተሠራው?» ብሎ ነው።

ለክሩ «የመስተዋት ቃጫ» የሚለው ይሻላል እላለሁ። «ብርጭቆ» ቁሱንም ሊያመለክት ቢችልም የሰሚውን አሳብ ወደ መጠጫው ይወስደዋል። «አሠር» የሚለውን ደግሞ የምግብ ባለሙያዎች ወስደውታል። ቃጫ ግን ከእንሰትም ሆነ ከሌላ ተክል ቢገኝ፣ ረዥምና ሲጎትቱት የማይበጠስ መሆኑን ማንም ያውቃል፤ የቁሱም ጠባይ ይኸው ነው።

ከክሩ የተሠራውን ለመሰየም ግን አስቀድሞ አሠራሩን መረዳት ያስፈልጋል። የጭቃ ቤት የሠራ ሰው አሠራሩን ለማወቅ ሩቅ አይሄድም። ጭድ ያልገባበት ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭድ የገባበት እርስ በርሱ ተያይዞ ይቆያል። ሙጫው እንደ ጭቃው፣ ቃጫው እንደ ጭዱ መሆናቸው ነው። ሙጫው ብቻውን ቢጠነክር ተሰባሪ ነው፤ ቃጫው ብቻውን መቆም አይችልም። ከጣልያንኛ የወረስነው «አርማታ» የተባለው ቃልም ይህንኑ አሳብ ስለያዘ «የቃጫ አርማታ» ለማለት ያጓጓል። ሆኖም ሁለቱ ቁሶች በአንድ ሕንጻ፣ ምናልባትም በአንድ የሥራ ዝርዝር ገጽ ላይ ጎን ለጎን ስለሚገኙ፣ አርማታን ለሲሚንቶና ለብረት መተው ይበጃል። «በመስተዋት ቃጫ የተጠናከረ ፕላስቲክ» ረዥም ነው፤ ለውልና ለቴክኒክ ጽሑፍ ግን ከእርሱ የተሻለ አላየሁም። በተራ ጽሑፍ «ፋይበርግላስ» ቢባል የሚከፋ አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀራፂው አስቀድሞ በሸክላ ጭቃ ወይም በፎም አብነቱን ያበጃል። (መቅረጽ የሚባለው በዚህ ደረጃ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ከመቅረጽ ይልቅ ለምርጊት ይቀርባል።) በአብነቱ ላይ ቅርጽ ማውጫው ይሠራል፤ ውስጡም እንዳይጣበቅ ሰም ይቀባል። በወርቅ አንጥረኛው ዘንድ ሰሙ ቀልጦ ለወርቁ ስፍራ ሲለቅ፣ በዚህኛው ሙያ ግን ሰሙ ሳይቀልጥ ሥራውን ከቅርጽ ማውጫው ያላቅቃል፤ «ማላቀቂያ ሰም» መባሉም ለዚህ ነው። ቀጥሎ ቀለም ያለበት የፊት ቅብ ይቀባል። ከዚያም ቃጫው አንዱ በሌላው ላይ እየተነባበረ፣ በብሩሽና በጥርሳም ሮለር አየሩ እየወጣ፣ በሙጫ ይነከራል። የተነባበረውን «ንብር» ማለት ይቻላል። ቃጫው ተቆራርጦ የተነጠፈ ሲሆን «ንጥፍ»፣ እንደ ጨርቅ የተሠራ ሲሆን «ሽምን» ቢባል ልዩነቱ ይጠበቃል።

እዚህ ላይ ተርጓሚው በጣም የሚጠነቀቅበት ግሥ አለ። ብዙ ጊዜ «ሙጫው ደረቀ» ሲባል ይሰማል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። ጭቃ የሚደርቀው ውኃው ተንኖ ሲሄድ ነው፤ ፖሊስተር ግን የሚጠነክረው በውስጡ በሚካሄድ ኬሚካዊ ለውጥ ነው፤ በዚያውም ላይ ሙቀት ያወጣል። «እስኪደርቅ ጠብቅ» የተባለ ሠራተኛ ሥራውን ለነፋስ ወይም ለፀሐይ ቢያሰጣ በራሱ አይፈረድበትም፤ የፈረደበት ቃሉ ነው። አማርኛ ለዚህ ድኻ አይደለም። ሙጫው ፈሳሽነቱን ትቶ እንደ እርጎ ሲሆን «ረጋ»፣ በእጅ ሲነካ የማይበገር ሲሆን «ጠነከረ»፣ ለውጡ በውስጡ ሲፈጸም «ጸና» ይባላል። በሰዓታት የጠነከረ ንብር ለመጽናት ቀናትና ከዚያም በላይ ሊፈልግ ስለሚችል፣ ሦስቱን በአንድ ቃል መጠቅለል ገና ያልጸናውን ሐውልት ቶሎ ወደ ማቆም ያደርሳል።

የሁሉ አስጊ የሆነው ግን የሁለት ጣሳዎች ስም ነው። ሙጫው እንዲረጋ አብዛኛውን ጊዜ ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚሆን ኦርጋኒክ ፐርኦክሳይድ ይጨመርበታል። ይህን የሙያው ሰዎች በእንግሊዝኛ «ካታሊስት» ይሉታል። ሁለተኛው የኮባልት ውሑድ ሲሆን ሥራው ፐርኦክሳይዱ በክፍል ሙቀት ፈጥኖ እንዲሠራ ማድረግ ነው። በመማሪያ መጽሐፍ ካታሊስት ማለት ለውጥን የሚያፋጥን ስለሆነ፣ ተርጓሚው የመጀመሪያውን «አፋጣኝ»፣ ሁለተኛውንም «ማፋጠኛ» ቢለው መዝገበ ቃላቱን ጠብቋል። ነገር ግን ሁለቱ ሳይቀላቀሉ መቆየት ያለባቸው ነገሮች ናቸው፤ በቀጥታ ከተገናኙ በኃይል ይግላሉ፣ ይቃጠላሉ፣ ይፈነዳሉም። በዚያ ላይ የመጀመሪያው በኬሚስቶች ትርጓሜ ካታሊስት አይደለም፤ ካታሊስት ሥራውን ፈጽሞ ሲተርፍ ይህኛው በሥራው ያልቃል። ቃሉን ያመነ ተርጓሚ ሁለት ጊዜ ተሳስቷል ማለት ነው።

ምን እንበለው? «እርሾ» ለማስረዳት ደግ ነው፤ ጥቂቱ ብዙውን ይለውጣልና። በጣሳ ላይ ግን አይጻፍ፤ የወጥ ቤት ቃል ዓይን የሚያጠፋ ነገር መኖሩን አያስጠነቅቅም። «ማጽኛ» ከግሡ ጋር ይስማማል፤ ሆኖም ቀለም በተንጠባጠበበት ወረቀት ላይ ከ«ማፋጠኛ» ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ ለፐርኦክሳይዱ «ማጠንከሪያ»፣ ለኮባልቱ «ማፋጠኛ» የሚሉትን እመርጣለሁ። ቃላቱ በፊደልም በድምፅም ይራራቃሉ፤ ይህ ከሥርወ ቃል ስምምነት ይበልጥብኛል።

ስለ ዘላቂነቱ ብዙ አልልም። ሞንሳንቶ እ.ኤ.አ. በ1957 በዲዝኒላንድ ያቆመው የፕላስቲክ ቤት በ1967 ሲፈርስ የማፍረሻው ኳስ ከግድግዳው እንደ ነጠረ በሰፊው ይነገራል። ያም ሆኖ ፀሐይ የፊት ቅቡን ያደበዝዘዋል፤ ውኃ ከሠረገም ንብሩ ውኃ ይቋጥራል፣ በውስጡ ያለው ብረትም ይዝጋል። ስለዚህ «ጠንካራ» እና «ዘላቂ» እንደ ተመሳሳይ ቃላት አይታዩ።

የሙያው ዋጋም ቀላል አይደለም። ኒኪ ደ ሳን ፋል ከፖሊስተር ጋር በመሥራቷ ሳንባዋ ክፉኛ ተጎድቷል። ሉዊስ ሂሜኔዝ እ.ኤ.አ. በ2006 ለዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ይሠራው ከነበረው፣ ቁመቱ 9.75 ሜትር ከሚሆነው ሰማያዊ ፈረስ አንዱ ክፍል ወድቆበት ሞተ፤ ሐውልቱ በ2008 ቆሟል። የሙጫው ትነት ስታይሪን የተባለውን ውሑድ ይይዛል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባደረገው ግምገማ ስታይሪንን ካንሰር ሳያስከትሉ አይቀሩም ከሚባሉት መድቦታል። ስለዚህ «ሽታ አለው» ብሎ መተርጎም አይበቃም፤ «ትነቱ ይጎዳል» መባል አለበት።

የጣሳው ማስጠንቀቂያ እንደሚከተለው ቢጻፍ፦ «ማጠንከሪያውንና ማፋጠኛውን በቀጥታ ፈጽሞ አያገናኙ። በመጀመሪያ ማፋጠኛውን ከሙጫው ጋር በደንብ ያዋሕዱ፤ ማጠንከሪያውን ከዚያ በኋላ ይጨምሩ። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ውኃ ይታጠቡ፣ ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።» አንዳንዱ ሙጫ ማፋጠኛው በፋብሪካ ተጨምሮበት ይመጣል፤ የእንግሊዝኛውን ቅጥያ በመከተል «ቅድመ ማፋጠኛ» ቢባል አንባቢው ሦስተኛ ጣሳ ይፈልጋል። «ማፋጠኛ ያለበት ሙጫ» ቢባል ግን የሚፈልገው ሁሉ በእጁ ነው።