ቂሊንጦ ተቀጥሮ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የተከራየው መምህር

ሰሞኑን ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ የሚዛወር አንድ መምህር ሁለት ወረቀት ይዞ ወደ አንድ ጠበቃ ቢሮ ገባ። አንዱ ከአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የተጻፈለት የቅጥር ደብዳቤ ነው። ሌላው የባንክ ደረሰኝ ነው፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ላለ ባለ አንድ መኝታ ቤት የተላከ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ። ቤቱን ያየው በቴሌግራም ብቻ ነው። ደላላው «ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ነው፣ በታክሲ አስር ደቂቃ አይፈጅም» ብሎታል።

ደላላው ስድስት ኪሎን አስቦ ከሆነ አልዋሸም። ችግሩ መምህሩ የተቀጠረው ስድስት ኪሎ አለመሆኑ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እና አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሁለት የተለያዩ ተቋማት ናቸው፤ የመጀመሪያው ዋና ግቢ እንጦጦ ግርጌ፣ ሁለተኛው በከተማዋ ሌላ ጫፍ አቃቂ ቃሊቲ፣ ቂሊንጦ። የቀላል ባቡሩ ሁለት መስመሮች ከሁለቱ አንዱም ጋ አይደርሱም። ደረሰኙን ያየው ጠበቃ፣ ማለትም ይህን የሚጽፈው ሰው፣ ያን ቀን ሌላ ሥራ መሥራት አልቻለም። ስለዚህ ለሚዛወሩ ሁሉ በቅደም ተከተል ይጻፍላቸው።

1ኛ. ግቢውን ለይቶ ማወቅ። «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ» የሚለው ስም ብቻውን አድራሻ አይሆንም። ምህንድስናው አምስት ኪሎ፣ ሕክምናው ጥቁር አንበሳ፣ ሥነ ሕንፃው ልደታ፣ የእንስሳት ሕክምናው ደግሞ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ቢሾፍቱ ነው። በየክልሉ ያሉትም እንደዚሁ ናቸው፤ ባሕር ዳር ፔዳ እና ዘንዘልማ አንድ ሰፈር አይደሉም። የቅጥር ደብዳቤ የሚጽፉ ክፍሎች ግን ማኅተሙን እንጂ ግቢውን አያስታውሱም። «በዩኒቨርሲቲያችን በመምህርነት ተቀጥረዋል» ይሉና ያበቃሉ። አንድ መስመር ቢጨምሩ ምን ይጎድልባቸዋል?

2ኛ. ሰፈሩን በሥራ ቀን፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ማየት። እሑድ ከሰዓት ያየ ሰው ምንም አላየም። የታክሲው ሰልፍ የት እንደሚጀምር፣ ስንት መኪና መቀያየር እንደሚያስፈልግ የሚታወቀው ሰኞ ነው። በነሐሴ መምጣትም ጥሩ ነው፤ የሚያፈሰው ጣሪያና የሚጨቀየው መንገድ ያኔ አይደበቅም። የማታ ተማሪ የሚያስተምር ሰው ደግሞ የግቢው በር በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ይጠይቅ። ምሽት 3 ሰዓት በሩን ቆልፈው የሚተኙ አከራዮች ሞልተዋል፤ የመምህሩ ክፍለ ጊዜ አያገባቸውም።

ከዚህ ከተማ ከተመረቀ ሃያ ዓመት የሆነው የሥራ ባልደረባ የሚሰጠው ምክርም መታየት አለበት። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ርካሽ ቤት አለ ብሎ የላከው ሰው አልሰማም እንጂ ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል።

ውሃ! አከራይን ስለ ውሃ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ «ችግር የለም» ይላል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደረጃውን ወደ ላይ መውጣትና በየበሩ የተደረደረውን ቢጫ ጀሪካን ማየት ይበቃል። አራተኛ ፎቅ ላይ ጀሪካኑ ከበዛ፣ ፈረቃው ሲደርስም ውሃው ወደ ላይ አይገፋም ማለት ነው። ሮቶ መኖሩን፣ ሮቶው የጋራ ይሁን የግል፣ ዘበኛውን መጠየቅ ይሻላል። ቂሊንጦ ለሚሠራ ሰው ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ቅርብ ናቸው፤ ግን ብሎክ ከብሎክ ስለሚለይ ጎረቤት ሳያናግሩ መስማማት አይገባም።

አሁን ወደ ስድስት ወሩ። ይህ ጸሐፊ እንጀራውን የሚበላው ውል በማርቀቅ ስለሆነ ይህን ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016፣ አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። ስድስት አይልም፣ ሦስትም አይልም። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መረጋገጥና መመዝገብ አለበት፤ አዲስ አበባ ውስጥ ይህ የሚሠራው በወረዳ ነው። ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም። ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። ጭማሪም አከራዩ ባሰኘው ቀን አይደረግም፤ ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ የሚያሳውቀው ጣሪያ አለው።

በየኪራይ ቤት ቻናሉ ግን «አዋጁ ገና ረቂቅ ነው» የሚል አለ። ማን ነገረህ? የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2016 ዓ.ም. አጽድቆታል።

ከዚህ የባሰው የሁለት ውል ጉዳይ ነው። አነስ ያለ ኪራይ የተጻፈበት ለወረዳ፣ እውነተኛው ለቤት። ልዩነቱ በእጅ ይሰጣል፤ ደረሰኝ የለውም። ተከራዩ «ለሰላም ብዬ ነው» እያለ ይፈርማል፤ ክርክር ሲነሳ የከፈለውን ማስረዳት አይችልም። ይህን እያወቁ ፊርማ ብቻ አይተው የሚመዘግቡ ሠራተኞች አሉ። ዩኒቨርሲቲዎችም ለአዲስ መምህር የሥነ ምግባር ደንብ ያስፈርማሉ እንጂ የሁለት ወሩን ድንጋጌ የሚነግር አንድ ሰው አያስቀምጡም።

ዘንድሮ የሚዛወር መምህር የምታውቁ ይህን አስተላልፉለት። ብሩን ከመላኩ በፊት ይድረሰው።